ነፋስን በወንፈል፦ ስለ መስከረም፣ ስለ ሳይክልና ስለ ጓደኛ

ሰሞኑን በዚህ ገጽ ስለ ዶላር፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሰላም ብዙ ተባብለናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሳይክል ነው። «አገር እንዲህ ሆና ይሄ ሰውዬ ሳይክል ይለናል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ። ሳይክል ላይ ተቀምጦ ከአዲስ አበባ ለመውጣት የሞከረ ሰው ከዶላሩም፣ ከነዳጁም፣ ከሰላሙም ጋር ሳይገናኝ ኬላ አያልፍም። ግን አስቀድሜ ስለ ደስታው ላውራ። ችግራችንን የሚጽፍልን ሞልቷል፤ ደስታችንን የሚጽፍልን ግን ጥቂት ነው።

ፈረንጅ የሳይክል ወቅቱን የሚጀምረው ብርዱ ሲለቀው፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። የእኛ ወቅት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጠና ሳይክሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አስፋልቱ ወንዝ ነው፤ ውኃው ጉድጓዱን ይሸፍነዋል፣ ጭቃው ሰንሰለቱን ይበላዋል፣ ፍሬኑ አይይዝም። ጀግና ነኝ ብሎ በነሐሴ የሚወጣ አለ፤ ከመጣም ከሳል ጋር ነው የሚመጣው። ከዚያ ጳጉሜን ታልፍና መስከረም ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ያን ቀን የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አንዱ አንዲት ቃል ይጽፋል፦ «ወረደ?» ሳይክሉ ከግድግዳ ወረደ ወይ ማለቱ ነው። ከዚያ መልሱ ይጎርፋል። አንዱ ጎማው ተኝቷል፣ አንዱ መንፊያውን ለጎረቤት አውሶ አልተመለሰለትም፣ አንዷ ፍሬኗ ይጮኻል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አዲሱ ገበያ እንገናኛለን።

እኛ ስምንት ነን። አንድ ጊዜ አሥራ አራት ነበርን፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ከስምንታችን አንዱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፣ አንዱ ጋራዥ አለው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦዲተር ነው፣ ሁለቱ ገና ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በዕድሜ ታላቃችን ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። ልጅነታቸው አሥመራ ነው። የሚነዱት የጣሊያን ብረት ሳይክል ከአብዛኞቻችን ዕድሜ ይበልጣል፤ ለእሱ ክፍል ውስጥ ቦታ ለመስጠት ሲሉ አንድ ቁም ሣጥን እንደሸጡ ባለቤታቸው ይናገራሉ። ስምንተኛው እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የምቀመጥ፣ ወገቤን የማማርር ሰው።

የወቅቱ መጀመሪያ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ምክንያት አለ፤ ሁላችንም እኩል ደካሞች ነን። ጥር ላይ ብትመጡ ሁለቱ ተማሪዎች እንደ ሚዳቋ ዳገቱን ወጥተው ሻይ እየጠጡ ነው የሚጠብቁን። መስከረም ላይ ግን ሦስት ወር የተኛ እግር የማንም ይሁን የማን ያው እግር ነው። የእንቁጣጣሽ ዶሮና የመስቀል ክትፎ ሆድ ላይ ተደራርበዋል። አንዱ ሲያለከልክ ሌላው የሚስቅበት ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም፤ መሄድ ስለማይችል። ወሬው የሚደምቀው፣ ሳቁ የሚበዛው በእነዚህ አራት አምስት ሳምንታት ነው። ወቅቱ ገፍቶ ጉልበት ሲመጣ ፉክክር ይመጣል፤ ፉክክሩም የራሱ ጣዕም አለው። የመስከረሙን ያህል ግን አይጣፍጥም።

መንገዳችን የጎጃም በር ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ሰንሰለት እየተጠማዘዘ ይወጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ከዚያ ላይ ገና ዳገት። ታላቁ ቤልጂየማዊ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰዓት ሪከርድ ለመስበር የመረጠው ሜክሲኮ ሲቲን ነበር። ከተማዋ ከፍታዋ ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሳይክሉን ብዙ አይዘውም፤ በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ጋለበ። እኛም ያንኑ ስስ አየር በነፃ እናገኛለን፤ ሆኖም ስስ አየር ለጎማ እንጂ ለሳንባ ወዳጅ አይደለም። ዳገቱ ግማሽ ላይ ደረትህ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ከጭጋጉ ውስጥ ጭራሮ የተሸከመች አህያ ብቅ ትላለች። ባለቤቷ ከኋላ እየተራመዱ «አይዟችሁ፣ ደረሳችሁ» ይሉናል። ሦስት ኪሎ ሜትር ይቀራል።

ከዚያ ሯጮቹ አሉ። ሱሉልታና አካባቢው የአትሌቶች መለማመጃ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሃያ ሃያ አምስት ሆነው፣ ጫማቸው አንድ ላይ አስፋልቱን እየመታ፣ ዳገት ላይ በሳይክል የምንሄደውን ሰዎች በእግር ያልፉናል። በእግር! ጋራዥ ያለው ጓደኛችን ሁልጊዜ ከኋላቸው «ወገኖቼ፣ ማርሽ ቀይሩ!» እያለ ይጮኻል። አንዳንዱ ዞር ብሎ ይስቃል፣ አንዳንዱ አይሰማም። በዓለም ሻምፒዮን መቀደም በየትኛው አገር ይገኛል?

ዳገቱ ሲያልቅ ጭጋጉ ከኋላ ይቀራል። የሱሉልታ ሜዳ ከፊት ይዘረጋል፤ መስከረም ላይ አደይ አበባው ቢጫ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ላሞቹ እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ። የፎቶ ነገር አላወራም፤ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። የማወራችሁ በፎቶ ስለማይታየው ስለ ነፋሱ ነው።

ሜዳው ላይ ነፋስ አለ። ብቻህን ከሆንክ ያ ነፋስ ደረትህ ላይ እጁን አድርጎ እንደሚገፋህ ሰው ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ብስክሌተኛ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያወጣው አየር ለመሰንጠቅ ነው። ከአንድ ሰው ኋላ ተጠግተህ ከሄድክ ግን እሱ አየሩን ይሰነጥቅልሃል፤ ከምታወጣው ጉልበት ሩቡ፣ አንዳንዴም ሲሶው ይቀርልሃል። ከፊት ያለው ግን ለሁሉም ይከፍላል። ስለዚህ በተራ ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ከፊት ይጎትታል፣ ሲደክመው ወደ ጎን ወጥቶ ፍጥነቱን ይቀንስና ከኋላ ይሰለፋል፣ ቀጣዩ ፊት ይሆናል። ፊት የነበረው ኋላ፣ ኋላ የነበረው ፊት።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተማሪዎቹ ያስረዷቸው ጋሼ ናቸው። በስዕል አልነበረም፣ በፊዚክስም አልነበረም። «ልጆቼ፣ ወንፈል ታውቃላችሁ?» አሏቸው። ከተሜ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ብቻ አያቱ ሲያወሩ ሰምቷል። ዛሬ ያንተን ማሳ እናርሳለን፣ ነገ የእኔን፤ ማንም ገንዘብ አይቀበልም፣ ማንም ግን ተራውን አይዘልም። «ይሄም ያው ነው፤ የምናርሰው ነፋስ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ግሩፕ ስሙ «ወንፈል» ሆነ።

ወንፈሉ የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ፊት ስትሆን ጉልበትህን ለማሳየት ፍጥነት አለመጨመር። ሞኝ ሰው ተራው ሲደርስ ሮጦ ሰልፉን ይበጥሰዋል፤ ከዚያ እሱም ብቻውን ነፋስ ይበላል፣ የቀሩትም ይበተናሉ። ጥሩ መሪ የሚለካው ከኋላው ስንት ሰው ይዞ እንደደረሰ ነው። (ይህን ዓረፍተ ነገር ስለ ሌላ ነገር የጻፍኩት አስመስላችሁ ብታነቡት አልቀየምም።) ሁለተኛ፣ መተማመን። በሰዓት ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንተ ጎማና ከፊትህ ባለው ጎማ መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት ነው ያለው። መንገዱ አይታይህም። የሚታይህ የጓደኛህ ጀርባ ነው። ስለዚህ ዓይንህ እሱ ነው። «ጉድጓድ!» ይላል፣ በጣቱ ወደ ታች ያሳያል፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፋል። «አህያ!» «ቀዝቀዝ!» ከኋላ ደግሞ «መኪና!» ይመጣል። ክረምት ከወጣ በኋላ ያለውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው «ጉድጓድ» የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ይገምታል።

መምህሩና ኦዲተሩ በፖለቲካ አይስማሙም። አይስማሙም ስል ለዘብ አድርጌ ነው፤ ፌስቡክ ላይ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ላለማየት ዘግተዋል። በዚህ አራት ዓመት ውስጥ ይህች አገር ያሳለፈችው ሁሉ በሁለቱ መካከል አልፏል። አንዱ ዘመድ አጥቷል፤ ሌላው ከተወለደበት ቀዬ ተፈናቅሎ የመጣ ወንድሙን ቤቱ ያኖራል። ቅዳሜ ግን አንዱ ከሌላው ጎማ አንድ ክንድ ርቆ ይሄዳል። ከፊት ያለው «ጉድጓድ!» ሲል ከኋላ ያለው ያምነዋል፤ ለማመን መጀመሪያ የየት አገር ሰው እንደሆነ አይጠይቀውም። ጠይቆ እስኪመለስለት ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ይህ ችግራቸውን ፈታው አልልም። አልፈታውም። ቁርስ ላይ እንደገና ይነታረካሉ። ግን ንትርኩ የሚጀመረው አንዱ ለሌላው ሃያ ኪሎ ሜትር ነፋስ ከመከተለት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰነዘር ቃል ክብደቱ ሌላ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ክርክር የለም፤ ትንፋሽ የለማ!

ቁርሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። ሱሉልታ ከመንገድ ዳር ያለች ትንሽ ቤት አለች። ጨጨብሳው በማርና በአካባቢው ቅቤ ይመጣል፣ እንቁላል ፍርፍሩ ቃሪያው አይቆጠብበትም፣ ወተቱ ከጠዋት የታለበ ነው። የጾም ቀን ከሆነ ፉል አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? ጥቅምት ሲገባና ብርዱ ሲጠና ጋሼ ጥብስ ያዛሉ፤ ከእሳቸው ጋር የሚከራከር የለም። ሒሳቡም በወንፈል ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይከፍላል። ቤት ለመግባት አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ሌላው ሰው ገና ከአልጋው ሲነሳ የእኛ ቀን ሞልቶ ፈሷል። ቅዳሜ የሚሰጥህ ያ ስሜት ሰኞ ቢሮ ውስጥ ከሥራ አስኪያጅህ ጋር ስትቀመጥ ሳይቀር ይሠራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ሳይክል ለዚህች አገር መጤ ስፖርት የሚመስለው አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ይዛ የሄደችውም አትሌቶችንና ብስክሌተኞችን ነበር። ገረመው ደንቦባ ከነዚያ አንዱ ናቸው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ያስደመመው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ጎማችን ከእግራችን እኩል ነው የወጣው። የዚያን ጊዜ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከእኛ ጋር ነበረች፤ የአሥመራ ጎዳናዎች ለሳይክል እውነተኛ ትምህርት ቤት ነበሩ። ጋሼ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ መንገድ ዳር ተሰልፎ የተወዳዳሪዎቹን ስም እንደ ኳስ ተጫዋች ስም ይጠራ እንደነበር ነው የሚነግሩን።

ዛሬ ያ ትምህርት ቤት ፍሬውን ዓለም እያየው ነው። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ጨረሰ፤ ከዚያ በፊት ያን ያደረገ ጥቁር አፍሪካዊ አልነበረም። የእኛው የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። የወንዶቹ ውድድር የዋለው መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት እሑድ ነበር። እኛ ስምንታችን ጋሼ ቤት ተሰብስበን፣ የመስቀሉን ክትፎ እየጨረስን፣ በስልክ ኢንተርኔት ቲቪው ላይ አገናኝተን አየነው። 267 ኪሎ ሜትር ከዳገት ወደ ዳገት። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ብቻውን አምልጦ አሸነፈ፤ ከተነሱት ሁሉ የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። እኔን የነካኝ ግን አሸናፊው አልነበረም። የኪጋሊ ሕዝብ በየዳገቱ ተጠጋግቶ ቆሞ፣ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲጮህ ነው። ነርሷ ጓደኛችን ዝም ብላ ቆየችና «ይሄ ዳገት እኛ ጋ የለም?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ዳገቱማ አለን። ሩዋንዳ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ውድድሯን በየዓመቱ እያካሄደች፣ መንገዷን እየጠበቀች፣ ሕዝቧን እያስለመደች ነው እዚህ የደረሰችው። ሰማይ የሰጠን ከፍታ ብቻውን ብስክሌተኛ አያደርግም።

መንገዱስ? እዚህ ላይ ነው ያመኛል የምለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ከሱሉልታ አልፈን ጫንጮ፣ ከጫንጮ ሙከጡሪ እንሄድ ነበር። በወቅቱ መጨረሻ ደብረ ሊባኖስ ደርሰን፣ ገደሉን አይተን፣ ሳይክሉን ጭነን በመኪና እንመለስ ነበር። ዛሬ ሱሉልታ ላይ እንዞራለን። ለምን እንደምንዞር ለዚህ ገጽ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ በዚያ መንገድ ስለሚሰማው እገታ እናንተም ዘመድ ስትሸኙ «ደረስክ?» ብላችሁ ሦስት ጊዜ ትደውላላችሁ። ዓርብ ማታ ኦዲተሩ የጎማ ንፋስ ከመሙላቱ በፊት ሁለት ሹፌር ወዳጆቹ ጋ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቃል። አሥር ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና የሚያጥረው በእኛ ጉልበት ሳይሆን በዚያ ስልክ ነው። የአገር ስፋት የሚለካው በካርታ ይመስለን ነበር። አሁን የሚለካው ሳትፈራ ደርሰህ በምትመለስበት ርቀት እንደሆነ ገብቶናል። በዚህ መለኪያ የእኛ አገር በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሃያ አምስት ወርዳለች።

በሌላ በኩል ያለው የደብረ ዘይት አሮጌው መንገድ ነው። አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቁርስ አለ። የፍጥነት መንገዱ ለሳይክል ዝግ ነው፤ መዘጋቱም ተገቢ ነው። በአሮጌው መንገድ ላይ ግን ተሳቢው፣ ገልባጩ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ ሁሉም አለ። ትከሻችን አጠገብ አንድ ስንዝር ትቶ የሚያልፍ ገልባጭ ነፋሱ ብቻውን ወደ ውስጥ ይስብሃል። አሁን ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥቷል። መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ጭስ የላቸውም፤ ለሳንባችን እሰየው ነው። ድምፅም የላቸውም። ዕድሜ ልካችንን ከኋላ የሚመጣን መኪና በጆሯችን ነበር የምናየው። አሁን መጨረሻ ላይ ያለው ሰው በየደቂቃው ይዞራል። «መኪና!» የሚለው ጩኸት ከድሮ ይልቅ ዛሬ ዋጋ አለው።

ደግነቱ ከተማ ውስጥ ነገር እየተለወጠ ነው፤ የተሠራውን ተሠራ ማለት ያስፈልጋል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ ለአንድ ጠዋት መኪና ሲቆም ሕፃናት አስፋልት ላይ ሲጫወቱ ያየን ሰዎች ይህ ነገር አንድ ቀን ሥር ይሰዳል ብለን ነበር። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የሳይክል መስመር ይዞ መጣ። ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ቀለም የተቀባ መስመር አለ። ምሽት ላይ ልጆች ሲጋልቡበት ሳይ ደስ ይለኛል። ኮሪደሩ የበላውን ሰፈርና የተነሳውን ሰው ጉዳይ እዚሁ ገጽ ላይ ጽፈንበታል፤ ያ ክርክር አልተዘጋም። ስለ መስመሩ ግን ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ወዴት ያደርሳል? ሳይክል ነጂ ከመብራት እስከ መብራት ተጫውቶ የሚመለስ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳርን ያየ፣ ሐዋሳን ያየ ሰው ሳይክል ገበያ መሄጃ፣ ትምህርት ቤት መሄጃ፣ እንጀራ መብያ መሆኑን ያውቃል። መስመሩ ሠራተኛው ወደሚኖርበት ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ገላን፣ ወደ ሱሉልታ ዳገት ካልተዘረጋ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በመስመሩ ላይ የሚቆሙት መኪኖችና የሚዘረጉት ዕቃዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው።

«ሳይክል የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። በአንድ በኩል አልፈርድበትም። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚመጣው ጎማም፣ ሰንሰለቱም፣ የፍሬን ጫማውም አብሮ ወጣ። ዛሬ ጓደኛ ከውጭ ሲመጣ የምንጠይቀው ሽቶ አይደለም፤ የውስጥ ጎማ ነው። የተበሳ ጎማ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ይለጠፋል። ጋራዥ ያለው ጓደኛችን ባይኖር ግሩፑ ዓምና ፈርሶ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ሳይክሉ ውድ የሆነው አገሩ ስለተወደደ እንጂ ሳይክል በተፈጥሮው ውድ ስለሆነ አይደለም። አንዴ ከተገዛ ነዳጅ አይሰለፍም፣ ታሪፍ አይጨምርም።

አሥራ አራት ነበርን ብዬ ነበር። ሁለቱ ትዳርና ልጅ ያዛቸው፤ ይመለሳሉ። አንዱ ሳይክሉን ለኪራይ ሸጠው። ሦስቱ ከአገር ወጥተዋል። ከሦስቱ አንዱ ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ የእሱ ወቅት የሚጀምረው እኛ ዘንድ ፋሲካ ሲቃረብ ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ለመኪና የተዘጋ መንገድ አለ፤ ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር። ቪዲዮ ልኮልናል። አስፋልቱ እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ ነው። ከቪዲዮው ሥር የላከው የድምፅ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ላይ አንድም ጉድጓድ የለም። ቢኖርም የሚጮህልኝ የለም።» ጋሼ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አሰምተውን «ንገሩት፣ ቦታው አልተያዘም በሉት» አሉ።

ስለ ነርሷ ጓደኛችንም አንድ ነገር ልበል። ብቻዋን ስትነዳ የምትሰማውን እዚህ አልጽፈውም። ሚኒባስ መስኮት የሚወጣው ቃል፣ አጠገቧ መጥቶ ሆን ብሎ ጥሩምባ የሚነፋው፣ «ቤትሽ ሥራ የለም?» የሚላት። ከእኛ ጋር ስትሆን ያ ሁሉ ዝም ይላል። ይሄ ለእኛ ምስጋና አይሆንም፤ ለከተማው ነውር ነው። እሷ ግን የምትለው ሌላ ነው፦ «እናንተ ስትኖሩ የማልሰማውን፣ ሴቶች ብዙ ስንሆን ያለ እናንተም አልሰማውም።» ዘንድሮ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ መጥታለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር እንሆናለን።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሳይክል ላላችሁ፦ ከግድግዳ አውርዱት። ጎማውን ንፉ፣ ፍሬኑን አስፈትሹ፣ ሄልሜት ሳታደርጉ አትውጡ፣ ከሁሉም በላይ ብቻችሁን አትውጡ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ ሦስት ሰው ካለ ወንፈል አለ። ሳይክል ለሌላችሁና መሪ ለጨበጣችሁ ወገኖች፦ ስታልፉን አንድ ሜትር ተኩል ተዉልን፤ ቦታ ከሌለ አሥር ሰከንድ ታገሡን። አሥር ሰከንድ ማንንም አላደኸየም። ለከተማው ሹሞች፦ መስመሩን ጨርሱት፣ ከቀለበት መንገዱ ውጪ አውጡት፣ መኪና እንዳይቆምበት ጠብቁት። ለአገሩ ሹሞችም ሆነ ጫካ ላሉት ደግሞ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሱሉልታ ወዲያ ያለው መንገድ የእናንተም የእኛም ነው፤ መልሱልን። ጋሼ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው ደብረ ሊባኖስ ድረስ ልንወስዳቸው ቃል ገብተናል።

ወቅቱ ገና ጅምር ነው፤ አደይ አበባው አልረገፈም። መልካም ወቅት ይሁንላችሁ።